የለገ ዲማ ሉል

ሣህሉን ያወቅሁት በምድር ባቡር መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ ቡሎን እቆጥራለሁ፤ እሱ የቆጠርኩትን በፈረንሳይኛ ይጽፋል። በዚህ የሥራ ክፍፍል ምክንያት እኔ ሠራተኛ ስባል እሱ አዋቂ ይባል ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና ዓረብኛ መቻል እንደ ችሎታ አይቆጠርም፤ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ሁሉ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይችላል። ፈረንሳይኛ ግን ሌላ ነው። የአለቆች፣ የደመወዝ መስኮትና የከዚራ ባለ ዛፍ መንገዶች ቋንቋ ነበር። እሱን የሚናገር ሐበሻ እንደ ፈረንጆቹ “ሙሴ” ይባላል። ሣህሉም ከይፋት በመጣ በሦስት ዓመቱ ሙሴ ሣህሉ ሆነ። ነጭ ኮት አሰፋ፣ በዚያ በድሬ ሙቀት ካልሲ ማድረግ ጀመረ።

ፈረንሳይኛውን የተማረው ከዕቃ ሣጥኖች ላይ ነው። “በዚህ በኩል ወደ ላይ”፣ “ከእርጥበት ይጠበቅ”፣ “ተሰባሪ ነው” የሚሉትን አሳምሮ ያውቃል። በነዚህ ላይ “ቦንዡር”ንና የጥቂት ዕቃዎችን ስም ጨምሮ አሥራ አምስት ዓመት በክብር ኖረ። እንዴት እንደቻለ ለሚጠይቅ ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ሣህሉ “አላውቅም” አይልም። በዚያ ሁሉ ዘመን ቃሏ ከአፉ ስትወጣ የሰማ ሰው የለም። አንድ ጊዜ በመጋላ የግመል ወተት የምትሸጠው ዑግባድ ከጅቡቲ የመጣ ወረቀት ይዛለት መጣች። ጅቡቲ የሄደ ወንድም ነበራት። ሣህሉ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየና “ወንድምሽ ደህና ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ሰላም ብሎሻል” አላት። ወረቀቱ የአንድ ሳሙና ነጋዴ ማስታወቂያ መሆኑን ያወቅነው ወንድሟ ራሱ ከባቡር ሲወርድ ነው። ደግነቱ ልጁ ደህና ነበር፣ ሥራም ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ዑግባድ አልተቀየመችም። እንዲያውም የሣህሉ ዝና ጨመረ። ሳሙና አንብቦ ወንድም የሚያገኝ ሰው በየቦታው አይገኝም።

በ1947 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሙሴ ላፎን የሚባል ፈረንሳዊ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር መጣ። ቀጭን፣ አንገቱን ፀሐይ የላጠው፣ በአገሩ አስተማሪ የሆነ ሰው ነው። ዕቃውን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ለዓሣ የማይበቃ ትንሽ መረብ፣ ነጭ የቆርቆሮ ትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ አንድ ጀሪካን አልኮልና ከመቶ የሚበልጥ ብልቃጥ። የጣቢያው ሹም ለሦስት ሳምንት የሚሆን አስተርጓሚ ሲፈልግለት ማን እንደተጠራ መናገር አያስፈልግም።

ሣህሉ ኮቱን ቆልፎ ቀረበና ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቀው። ላፎን ፊቱ በርቶ ረጅም ነገር ተናገረ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሣህሉ የያዛት አንዲት ቃል ነበረች፤ “ፔርል”።

ፔርልን ያውቃታል። የጣቢያው ሹም ሚስት አንገቷ ላይ የምታደርገው፣ አንድ ቀን ክሩ ተበጥሶ በመጋዘኑ ደጃፍ ሲበተን ተንበርክከን የለቀምንላት ነጭ ፍሬ ነው። ፔርል ማለት ሉል ነው። ሣህሉ ከያዛቸው ቃላት ሁሉ በትክክል የሚያውቃት ምናልባት እሷን ነበር፤ ጉድ የሠራችውም እሷው ናት። ለካ ፈረንሳዮች በወራጅ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ሥር የምትኖር፣ ሁለት ጭራ ያላት አንዲት ትንሽ ነፍሳትንም በዚሁ በሉል ስም ይጠሯታል። ይህ ደግሞ በየትኛውም ሣጥን ላይ አልተጻፈም።

“ውሃ ውስጥ?” አለ ሣህሉ፣ ላፎን በእጁ የሚወርድ ውሃ ሲያሳየው።

“ወራጅ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር” አለ ላፎን፣ በእጁ ድንጋይ የሚገለብጥ እየመሰለ።

ሌላ ሰው ቢሆን “ቆይ፣ ሉል ከባሕር አይደለም እንዴ የሚወጣው?” ይላል። ይህን ለመጠየቅ ግን አንድ የማያውቁት ነገር እንዳለ ማመን ያስፈልጋል። ሣህሉ “ዊ፣ ዊ”፣ አዎ አዎ፣ ብሎ አለፈው።

ምስጢሩን የነገረው ለሚስቱ ለየሺአረግ ብቻ ነው። የሺአረግም ለማንም አልተነፈሰችም፤ ወተት ስትገዛ ለዑግባድ ብቻ ነው ያነሳችው። ወሬው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ከገባ በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም። የከተማችንን ዕድል ተመልከቱ፤ በዋጋም በበዓል ቀንም ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች በአንዲት ቃል ተስማምተን ኖረናል። እኛ ሉል እንላለን፣ ሶማሌው ሉል ይላል፣ ኦሮሞው ሉሊ ይላል፣ ዓረቡ ሉሉ ይላል። አስተርጓሚ አላስፈለገም። የሣህሉ ስህተት በገዛ እግሯ አራቱንም ቋንቋ ዞረች።

ላፎን የመረጠው ውሃ ለገ ዲማ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ተራራው ሥር፣ በበቅሎ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ደቻቱ አሸዋ ብቻ በሚሆንበት ወራት እንኳ ለገ ዲማ አይደርቅም። ምንጩ የሚፈልቀው ቡልቻ የሚባል ገበሬ ደጃፍ ላይ ነው። ቡልቻ በዚያ ውሃ አርባ እግር ብርቱካን ያጠጣል፤ ልጆቹም ከብቶቹም የሚጠጡት ከዚያው ነው። ሌላ ውሃ የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ላፎን ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ከሥሩ የሆነች ነገር በመቆንጠጫ አንስቶ ብልቃጥ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል። ይህን የመጨረሻውን ሣህሉ ልብ አላለውም። የሚነሱት ነገሮች እግር እንዳላቸው አይቷል። ግን የሉሉ ጠባቂዎች ይሆናሉ ብሎ ለራሱ ተረጎመው። ለራሱም ቢሆን አላውቅም አይልም።

በሳምንቱ መጨረሻ ላፎን ከአጉሊ መነጽሩ ላይ ቀና ብሎ እንደ ልጅ አጨበጨበ። መጀመሪያ አንድ የመሰሉት ነፍሳት ለካ አንድ አልነበሩም። የአንዷ ራስ ላይ ጥቁር ምልክት አለ፣ የሌላዋ የለም፣ የሦስተኛዋ ጀርባ ደግሞ ሌላ ቀለም ነው። ሦስት “ኤስፔስ” ነው ያገኘሁት አለ። የተማረ ሰው ኤስፔስ ሲል የፍጥረት ዓይነት ማለቱ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ግን ይህ ቃል የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ የደመወዝ መስኮቱ ላይ። ትርጉሙም ጥሬ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ሉል አለ፣ ሦስት አለ፣ ጥሬ ገንዘብ አለ። እሁድ ሣህሉ ከተማ ሲገባ ለጠየቀው ሁሉ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ “አግኝቷል” አለ። ከዚህ የበለጠ አልተናገረም፤ ምስጢር ጠባቂ ነዋ።

ሰኞ ለገ ዲማ የገበያ ቀን መሰለ። ከጣቢያው፣ ከፋብሪካው፣ ከከዚራ፣ ከመጋላ ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ጅቡቲ ትምህርት ቤት የገባው፣ የፈረንሳይ ጋዜጣ ከኪሱ የማይለየው ጨርቅ ነጋዴው ሱሌማን ሳይቀር ሽርጡን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ዑግባድ ወተቷን እዚያው አምጥታ ትሸጣለች፤ ገዢ ሲጠፋ ትቆፍራለች። እኔስ? እኔ የምድር ባቡርን አካፋ ፈርሜ አውጥቼ ነበር። “ምክንያት” በሚለው ቦታ ላይ “ለጽዳት” ብዬ ጻፍኩ።

ላፎን ከድንኳኑ ወጥቶ ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ ደነገጠና ሣህሉን “ምን እያደረጉ ነው?” አለው። ሣህሉ በሚችላት አጭር ፈረንሳይኛ “ፔርል ይፈልጋሉ” ሲል መለሰ። ዓረፍተ ነገሩ እንከን አልነበረውም። የላፎን ዓይን እንባ አቀረረ። በአገሩ ስለነዚህ ነፍሳት ማውራት ሲጀምር ሚስቱ እንኳ ክፍሉን ጥላ እንደምትወጣ ኋላ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን ሦስት መቶ ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶለታል። ሣህሉን እጁን ይዞ ወደ ውሃው ወሰደውና አንድ ድንጋይ ገልብጦ ከሥሩ አንዷን አነሳ። በጣቱ ጫፍ ላይ አድርጎ “ይኸውልህ፣ ፔርል” አለው።

ጠፍጣፋ ናት፣ ቡኒ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ሁለት ጭራ ያላት። ሣህሉ ነፍሳቷን አየ፣ የላፎንን ፊት አየ፣ እንደገና ነፍሳቷን አየ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ስለነበር ሁሉን አይቻለሁ። ፊቱ አመድ ሆነ። በዚያች ሰዓት ገብቶታል።

ታዲያ እዚያው “ተሳስቻለሁ” ቢል ምን ነበረበት? “ዊ፣ ዊ” አለ።

ሁለት ቀን ዝም አለ። እንደ ወዳጅ ብዙ ነገሩን እችልለታለሁ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። በሁለቱ ቀን ውስጥ የምንጩን አፍ ናድነው፤ ወደ ብርቱካኑ የሚሄደው ቦይ ፈረሰ፤ ውሃው ቀይ ጭቃ ሆኖ ወደየጉድጓዳችን ሰረገ። የላፎን ነፍሳት ሆዳቸውን ሰጥተው በጭቃው ላይ ተንሳፈፉ፤ ቆሻሻ ውሃ አንድ ቀን እንኳ አይችሉም። ላፎን ከሰው ወደ ሰው እየሮጠ “ቀስ በሉ፣ ድንጋዩን መልሱ” ይላል። ሣህሉ አልተረጎመውም፤ ፈረንሳይኛ የሚሰማው ሱሌማንም ሉሉን ለብቻው ሊወስድ ነው ብሎ እንዳልሰማ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ላፎን ልቡ አዝኖ የሞሉትን ብልቃጦች ወደ ጅቡቲ ሊልክ ወደ ጣቢያ ወረደ።

ላፎን እንደሄደ ቡልቻ መጣ። አልጮኸም። ሣህሉ በድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ቡልቻ በጣሳ የያዘውን ውሃ ፊቱ አስቀመጠለት።

“ጠጣ አቦ” አለው።

ሣህሉ ጣሳውን አየ፤ ቀይ ጭቃ ነው።

“ልጆቼ ዛሬ የጠጡት ይኼን ነው። ብርቱካኑ ቅጠሉን ማጠፍ ጀምሯል፤ በዚህ ከቀጠለ ሳምንት አይቆይም። ሉል አለ ያልከው አንተ ነህ አሉኝ። አለ?”

ድሬ “አንቱ” አታውቅም፤ ቡልቻም ሙሴነቱን አልቆጠረለትም።

“የለም” አለ ሣህሉ፣ ለእኔ እንኳ በደንብ በማይሰማ ድምፅ።

“ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ድሮም አልፈለግኩም” አለ ቡልቻ። “ለእነሱ ንገር።”

ሣህሉ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ “ስሙኝ። ሉል የለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰውየው የሚፈልገው ትል ነው” አለ።

ዶማዎቹ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ዑግባድ አካፋዋን ተደገፈችና “ወርያ ሣህሉ” አለች፤ “ቤቱን ትቶ፣ በመርከብ፣ በባቡር፣ በበቅሎ መጥቶ ትል የሚለቅም ሰው አለ?”

እውነት ለመናገር እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር።

“ሙሴ ሣህሉ ደግሞ መቼ ነው ፈረንሳይኛ የሚሳሳተው?” አለ ሱሌማን። “ፈረንጁ ብልቃጡን ሞልቶ ዛሬ ወደ ጅቡቲ ላከ፤ አንተ ደግሞ ቀሪውን ለብቻህ ልትለቅም እኛን ታባርራለህ። ወላሂ ብልህ ነህ።”

ቁፋሮው ባሰ። አሥራ አምስት ዓመት የገነባው ስም ይኸው ሥራ ላይ ዋለ፤ ውሸቱን ሁሉ ያመነው ሕዝብ አንዲት እውነቱን አላምንም አለ። እኔም ከሁሉም ቀርቤ “የለም” ሲል የሰማሁት ሰውዬ፣ ምናልባት ቡልቻን ሊያታልለው ነው ብዬ ጉድጓዴን አሰፋሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሣህሉ ከድንጋዩ አልወረደም። ቡልቻን አየው፣ ጣሳውን አየው፤ ከዚያ ወደ ሱሌማን ዞረ።

“ኪስህ ያለውን ጋዜጣ አውጣና ፈትነኝ” አለው።

“ምን?”

“ፈረንሳይኛ እችላለሁ አይደል የምትሉት? እስቲ ሰው ሁሉ እየሰማ ፈትነኝ።”

ሱሌማን እየሳቀ ጋዜጣውን ዘረጋና አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አነበበ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀው።

“አላውቅም” አለ ሣህሉ።

ያቺን ቃል ከአፉ ስትወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። ዶማ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሱሌማን ሌላ አነበበ፤ የመርከብ መነሻ ሰዓት ነበር አሉ።

“አላውቅም።”

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሱሌማን ገጹን ገለበጠና ያገኘውን የሳሙና ማስታወቂያ አነበበለት።

“አላውቅም።”

“ወንድሜ” አለች ዑግባድ፣ አካፋዋን መሬት ላይ ጥላ። “ያኔ ሳሙናውን ወንድሜ ያደረገው ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።”

ሳቁ ከዚያ ጀምሮ ቦዩን ይዞ ወረደ። ሱሌማን ግን ነጋዴ ነውና እስከ መጨረሻው ሊመረምረው ፈለገ። ቀላል ልስጥህ ብሎ ከብርጭቆ ሻጭ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ቃል ብቻ አነበበ፤ “ፍራጂል”።

“ተሰባሪ ነው” ማለት ናት። በየቀኑ በየሣጥኑ ላይ የምናያት፣ ለእኔ ራሱ ያስተማረኝ፣ በእንቅልፉ እንኳ የሚያውቃት ቃል ናት። እሷን ቢመልስ ኖሮ “ይኸው ያውቃል፣ ሲያስመስል ነው” ብለው ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ይመለሱ ነበር። ሣህሉ ዓይኑን አልጨፈነም፣ ኮቱን አልነካካም።

“አላውቅም” አለ።

እንዲህ ሲባል ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሙሴ ሣህሉ ፍራጂልን አያውቅም። የጣቢያ ተሸካሚዎች ሁሉ የሚያውቋትን አያውቅም። ፈረንሳይኛ የማይችል ሰው የተረጎመውን ሉል ለማን ብለን እንቆፍራለን ተባለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለገ ዲማ ላይ የቀረነው ቡልቻ፣ ሣህሉና እኔ ነበርን። ሣህሉ ኮቱን አውልቆ ዛፍ ላይ ሰቀለ። ቡልቻ ዶማ ሰጠው። ቦዩን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀብን፤ በአራተኛው ቀን ውሃው ጠርቶ ወረደ። ከአርባው ብርቱካን ስድስቱ ሞቱ። ላፎን ተመልሶ ሲመጣ ሰው ሁሉ መሄዱን አይቶ አዘነ፤ ከተቆፈረው ቦታ በላይ ግን ነፍሳቱን በሕይወት አገኛቸው።

ሣህሉን ከዚያ ወዲያ በድሬ ውስጥ በስሙ የጠራው የለም። “ሙሴ አላውቅም” ሆነ። አለቆቹ ጽሕፈቱን ለሌላ ሰጡና እሱን ከእኔ ጋር ቡሎን እንዲቆጥር አደረጉት። እኔ ላሾፍበት እችል ነበር፣ ትንሽም አሹፌበታለሁ። እሱ ግን የሚገርም ነገር አደረገ። መዝገበ ቃላት ገዝቶ በምሳ ሰዓት ሱሌማን ሱቅ ደጃፍ ይቀመጥ ጀመር፤ ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ “ይህን አላውቅም” ይላል፣ ሱሌማን ይነግረዋል። ቃሏ አንዴ ከወጣች በኋላ ለካ ቀላል ናት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሱሌማንን እስከ ማረም ደረሰ፤ ሕዝቡ ግን አንዴ ስቋልና ማንም አላመነም።

በ1949 ከፈረንሳይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ መጣ፤ ላፎን ነው የላከው። ያን ቀን እኔ ቤት ነበርን። ቡልቻም እንደየዓመቱ አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይዞለት መጥቶ ነበር። ሣህሉ ራሱ እያነበበ ተረጎመልን፤ በቀስታ፣ ሳይፈራ፣ የጠረጠረውን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ እያየ።

“በዚህች ከተማ” ይላል መጽሐፉ፣ “ሦስት መቶ የሚሆን ሠራተኛና ነጋዴ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ለሳይንስ ባለው ፍቅር ብቻ ወንዝ ወርዶ ፔርል ሲፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ሕዝብ የለም።”

እኔ ያን ጊዜ ብርቱካን መላጥ ላይ አተኮርኩ። ሣህሉ ቀጠለ። ሦስቱን ዓይነት ነፍሳት አንድ በአንድ ይዘረዝርና፣ እነዚህ የሚኖሩት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እነሱ የተገኙበት ውሃ ጤነኛ ነው፣ ይላል።

ቡልቻ እጁን አነሳ። “ቆይ። ይኼን ለመጻፍ ነው ከፈረንሳይ ድረስ የመጣው?”

“አዎ” አለ ሣህሉ።

“እናቴ ውሃ ስትቀዳ መጀመሪያ ድንጋይ ገልብጣ ታያለች። ትሏ ካለች እንጠጣለን፣ ከሌለች ወደ ላይ እንወጣለን። ልጆቼም ያውቃሉ።” ቡልቻ ብርቱካኑን ከቅርጫቱ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። “ደጄ ላይ ሦስት ሳምንት ከረማችሁ። አራት ቋንቋ የሚናገር ከተማ ሙሉ ሰው መጣ። ውሃው ውስጥ ምን እንደሚኖር አንድ ሰው እንኳ እኔን አልጠየቀኝም። ለምን?”

ሣህሉ መጽሐፉን ዘጋው።

“አላውቅም” አለ።

ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።